የስፖርት ማዘዣ አጻጻፍ፦ ለጀማሪም ለስፖርተኛም

«ስፖርት ሥራ» ይላል ሐኪሙ። ከዚያ በኋላ ምንም አይልም። የቱን ስፖርት? በሳምንት ስንት ቀን? ምን ያህል ጠንከር አድርጌ? ሐኪሙ «መድኃኒት ውሰድ» ብሎ ስሙንም መጠኑንም ሳይነግረን ቢያሰናብተን ከበር ተመልሰን እንጠይቃለን። ስፖርት ላይ ግን «እሺ» ብለን እንወጣለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነገሩ ይረሳል። ወይ ደግሞ ዘራፍ ብለን እንነሳና በሦስተኛው ቀን ጉልበታችንን ይዘን እንቀመጣለን።

እንቅስቃሴ መድኃኒት ነው የሚባለው ለማበረታታት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተመራማሪው ጄሬሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ የለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንተው ውጤቱን አሳተሙ። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ። ቲኬት ቆራጮቹ ደግሞ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። የልብ ሕመም በቲኬት ቆራጮቹ ላይ አንሶ ተገኘ። በ2002 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የደረሱ ሰዎችን ተከታተለ። በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱትና ክብደታቸውን በመጠኑ የቀነሱት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ወረደ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ላይ የወረደው በ31 በመቶ ነው።

መድኃኒት ከሆነ ግን መጠን አለው፣ የጎንዮሽ ጉዳት አለው፣ ሲበዛም ይጎዳል። ስለዚህ እንደ መድኃኒት እንጻፈው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ፤ ስልክዎ ላይ ቢጽፉትም ያው ነው።

1. መጀመሪያ ራስዎን ያጣሩ

አብዛኛው ሰው በእግር መሄድ ለመጀመር የሐኪም ፈቃድ አያስፈልገውም። «መጀመሪያ ሙሉ ምርመራ ላድርግ» እያሉ ወራት የሚያሳልፉ አሉ። ቁጭ ብሎ መጠበቁ ራሱ ጉዳት እንዳለው ይረሳል። ከሚከተሉት አንዱ ካለብዎ ግን ሐኪም ሳያዩ አይጀምሩ፦

- ሲንቀሳቀሱ ደረትዎን የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ስሜት፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ቢሄድም ባይሄድም
- በእንቅስቃሴ መሃል ራስን መሳት ወይም ለመሳት መቃረብ
- ለሥራው የማይመጥን የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ያለ ምክንያት የሚዘል የልብ ምት
- በዕረፍት የተለካ ደም ግፊት 180/110 ወይም ከዚያ በላይ
- የታወቀ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም፤ ስኳር ካለብዎም ጠንካራ ስፖርት ከማሰብዎ በፊት
- ከ50 ዓመት በታች ሆኖ በድንገት የሞተ የቅርብ ዘመድ

የመጨረሻዋን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘላታል። ወጣት ስፖርተኞችን ሜዳ ላይ ከሚጥሉት የልብ ችግሮች ብዙዎቹ በዘር የሚተላለፉ ናቸው። «ደህና ውሎ ወደቀና ቀረ» ተብሎ በቤተሰብ የሚወራ ታሪክ ካለ አጣርተው ይጠይቁና ለሐኪሙ ይንገሩት። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ቢያዝልዎት ደቂቃዎችን ብቻ ነው የሚወስደው።

2. ያሉበትን ይለኩ

መነሻውን የማያውቅ ሰው መሻሻሉንም አያውቅም። ሦስት ነገር ይበቃል።

አንደኛ፣ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ በቀን ስንት ደቂቃ ፈጠን ብለው እንደሚራመዱ ይመዝግቡ። ራስዎን አያታልሉ፤ እየቆሙ መስኮት ማየት አይቆጠርም።

ሁለተኛ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምትዎን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ይህች ቁጥር ኋላ ላይ ትጠቅማለች።

ሦስተኛ፣ ክንድ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ይቀመጡ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ ቆመው እንደሚቀመጡ ይቁጠሩ። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 64 ለሆኑ ሰዎች፣ ለሴት ከ12 በታች፣ ለወንድ ከ14 በታች ከሆነ እግር ላይ መሥራት እንደሚያስፈልግ ያመለክታል። ወጣት ሆነው ከዚያ በታች ካመጡ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ፍርዱን ያውቁታል።

3. አራቷን መስመር ይጻፉ

ማዘዣ አራት መስመር ነው፦ ዓይነት፣ ድግግሞሽ፣ ጥንካሬ፣ ጊዜ። ለምሳሌ ያህል ሥራዋ ቢሮ ውስጥ የሆነ፣ መጠነኛ ደም ግፊት ያለባት፣ 50 ዓመት የሞላት ሴት እንውሰድ። ወረቀቷ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ዓይነት፦ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ
ድግግሞሽ፦ በሳምንት 5 ቀን፣ ከምሳ በኋላ
ጥንካሬ፦ ማውራት የምትችልበት፣ መዝፈን የማትችልበት
ጊዜ፦ 15 ደቂቃ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመረ እስከ 30

መድረሻው ከየት መጣ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለልጆችና ለታዳጊዎች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ነው። 150 ሲባል ደንግጠው አይተዉት። ትልቁ ጥቅም ያለው ከዜሮ ወደ ጥቂት በሚደረገው ዝላይ ላይ ነው። ደግሞም 10 ደቂቃ ሦስት ጊዜ እና 30 ደቂቃ አንድ ጊዜ እኩል ይቆጠራሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛዋ መስመር ላይ ነው። ጥንካሬን ለመለካት ውድ ሰዓት አያስፈልግም። እየሄዱ ለሰው ስልክ ይደውሉ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ከተናገሩ ግን ያኛው ሰው «እየሄድክ ነው እንዴ?» ብሎ ከጠየቀ፣ መካከለኛው ላይ ነዎት። በሁለት ሦስት ቃል መሃል ትንፋሽ ከሳቡ ጠንካራው ውስጥ ገብተዋል። ምንም ካልተለወጠ ሽርሽር ላይ ነዎት፤ እሱም መጥፎ አይደለም፣ ግን ከ150ው አይቆጠርም።

ቁጥር ለሚወድ፦ ዕድሜዎን በ0.7 ያባዙና ከ208 ይቀንሱ። ለ50 ዓመት ሰው 173 ይመጣል፤ ይህ ከፍተኛው የልብ ምት ግምት ነው። ከእሱ ከ64 እስከ 76 በመቶው፣ ማለትም በደቂቃ ከ111 እስከ 131 አካባቢ መካከለኛው ነው። ግምት መሆኑን አይርሱ። አቴኖሎልን ወይም ቢሶፕሮሎልን የመሰለ የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ይህን ሒሳብ ጨርሶ ይተዉት። ምትዎ አይወጣም፤ እርስዎ ግን ቁጥሩን ለማምጣት ሲሉ ከአቅም በላይ ይሮጣሉ። ለእርስዎ የንግግሩ መለኪያ ይሻላል።

4. ጡንቻውን በሁለተኛ ወረቀት ይጻፉ

በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን፣ በመሃል አንድ ቀን እያረፉ። ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ላስቲክ ወደ ሰውነት መሳብ፣ በእግር ጣት መቆም። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ሲጨርሱ «ሌላ ሁለት እችል ነበር» የሚያስብል ክብደት ይምረጡ። 12ቱ ሲቀልልዎት ግድግዳውን ወደ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛውን ወደ ወለል ይለውጡ።

ትንፋሽ አምቆ ማንሳት ግፊትን በአንዴ ያሽቅባል። ሲገፉ ወይም ሲያነሱ ያስወጡ፣ ሲመልሱ ያስገቡ።

ዕድሜዎ 65 ካለፈ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምሩ። ጥርስ ሲቦርሹ መታጠቢያውን ያዝ አድርገው በአንድ እግር መቆም ጥሩ ጅማሮ ነው።

5. ከሕመምዎ ጋር ያዛምዱት

ስኳር። ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊን እርዳታ ጭምር ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። ከሥራው በኋላም ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያህል ይሻሻላል፤ ከዚያ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከመሥራት ቀናቱን መበተን ይሻላል፤ ያለ እንቅስቃሴ በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ አይለፉ። ከምግብ በኋላ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ መራመድ ከምግቡ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ሽቅብታ ዝቅ ያደርጋል።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ይለኩ። በዴሲሊትር ከ90 ሚሊግራም በታች ከሆነ ከ15 እስከ 30 ግራም ፈጣን ካርቦሃይድሬት (ቶሎ ወደ ደም የሚገባ ጣፋጭ ነገር) ቀምሰው ይጀምሩ። ኪስዎ ውስጥም ጣፋጭ ነገር አይጥፋ። ስኳር ሌሊት ላይ ሊወርድ ስለሚችል አመሻሽ ላይ ጠንክረው ከሠሩ ከመተኛትዎ በፊት ደግመው ይለኩ። ንባቡ ከ250 በላይ ሆኖ ሽንት ላይ ኬቶን (ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ ንጥረ ነገር) ካለ የዕለቱን ስፖርት ይሰርዙ። እግር ላይ የመደንዘዝ ችግር ካለ ጫማውን ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳስሱ፣ ሲመለሱ ውስጥ እግርዎን ይመልከቱ። ያልተሰማ ቁስል ነው ኋላ የሚያስቸግረው።

ደም ግፊት። በመደበኛነት የሚሠራ ሰው ላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ነጥብ ሊወርድለት ይችላል። ደስ ይላል፣ ግን ክኒኑን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። ቁጥሩን መዝግበው ለሐኪሙ ያሳዩና መቀነሱን እሱ ይወስን። ሲጨርሱም ድንገት ቀጥ ብለው አይቁሙ። ለአምስት ደቂቃ እየቀዘቀዙ ይራመዱ፤ አለበለዚያ ሊያዞርዎት ይችላል።

ጉልበት። «መገጣጠሚያዬ ተበልቷል፣ እንዳይብስ ልረፍ» ማለት ይቀናናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ለጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት ከሚመከሩት የመጀመሪያ ሕክምናዎች አንዱ የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው። መሄዱ ካስቸገረ በብስክሌት ወይም በውኃ ውስጥ ይጀምሩ።

አስም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያሟሙቁ። ሐኪም ያዘዘልዎት የሚነፋ መድኃኒት ካለ በታዘዘው ሰዓት ወስደው ይጀምሩ፤ ቤት ጥለውትም አይውጡ።

6. ሲጨምሩ አንድ በአንድ

መጀመሪያ ቀኑን ይጨምሩ፣ ከዚያ ደቂቃውን፣ በመጨረሻ ጥንካሬውን። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አይጨምሩ። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። «አልደከመኝም» ያለ ሰው ቁርጭምጭሚቱን የሚያመው ለዚህ ነው።

7. ስፖርተኛ ከሆኑ፦ የመጠኑ ጣሪያ

እስካሁን የተናገርነው ለሚያንሰው ነበር። ለስፖርተኛ ጭንቀቱ ሌላ ነው፤ እሱ የሚታመመው ከልክ በማለፍ ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ አሠልጣኝ የሚዘናጋው። ልጁ ቢደክምም «ሰነፈ» ይባላል፣ ልምምድ ይጨመርበታል።

ሁለተኛው ደረጃ ላይ የመዘገቧት የጠዋት ምት አሁን ትሠራለች። ለተከታታይ ቀናት ከተለመደው በግልጽ ከፍ ካለች፣ እንቅልፍ ከሸሸ፣ ነጭናጫነት ከመጣ፣ የተለመደው ፍጥነት ከከበደ፣ ጉንፋን ከተመላለሰ፣ ያ የመጠን መብዛት ምልክት ነው። መፍትሔው ልምምዱን መቀነስ፣ እንቅልፍን ከ7 እስከ 9 ሰዓት ማድረስና በደንብ መብላት ነው። በሁለት ሳምንት ካልተሻለ የደም ምርመራ ይደረግ፤ የደም ማነስም ሆነ የእንቅርት ችግር ተመሳሳይ መልክ አለው።

ከሁሉ በላይ የሚደበቀው የኃይል እጥረት ነው። ስፖርተኛው የሚያወጣውን ያህል ሳይበላ ሲቀር ሰውነቱ ሌላ ሥራውን መዝጋት ይጀምራል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 «በስፖርት የሚመጣ አንጻራዊ የኃይል እጥረት» ብሎ ስም ሰጠው። በሴት ላይ የወር አበባ መቅረት ዋናው ምልክት ነው። «ጠንክሬ ስለምሠራ ነው፣ ኖርማል ነው» እየተባለ ይታለፋል። ኖርማል አይደለም። ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ዘንድ ይኬድ፤ አጥንቷ እየሳሳ ሊሆን ይችላልና። በወንድ ላይ የወሲብ ፍላጎት መውረድና ጠዋት ላይ የብልት መቆም መቅረት ይታያል። ይህን ደፍሮ የሚጠይቅ አሠልጣኝ ባይኖርም ሐኪሙ ይጠይቃል፤ አይፈሩ።

እግር ኳስ ተጫዋች ከሆኑ የፊፋ 11 ፕላስ የተባለውን ማሟሟቂያ ይማሩ። 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሠራል። በደንብ በተሠራባቸው ቡድኖች ጉዳትን ሲሶ ያህል መቀነሱ ታይቷል። ኳስ ከመንካት በፊት የሚባክን 20 ደቂቃ የሚመስላቸው አሉ። ለስድስት ወር ከሜዳ መውጣት ግን ከዚያ ይረዝማል።

8. ሕመሙን በቁጥር ያነጋግሩት

ሕመምን ከ0 እስከ 10 ያስቡት። እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥሉ። 4 እና 5 ከደረሰ ጫናውን ይቀንሱ። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አካሄድዎን ካስቀየረ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሰ ያቁሙ። አጥንት ላይ በጣት ጫፍ የሚነካ አንድ ቦታ ብቻ ላይ የሚቆረቁር ሕመም በሩጫ የሚብስ ከሆነ የድካም ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ጥርስ ነክሶ መሮጥ እዚህ ላይ አጉል ጀግንነት ነው።

ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት ጥቁር ቡናማ ከሆነና ጡንቻው አብጦ ካመመ ጡንቻ እየፈረሰ ነው፤ ኩላሊትን ስለሚጎዳ በዚያው ቀን ሆስፒታል።

9. ሜዳ ላይ ሰው ሲወድቅ

በጁን 2003 ካሜሩናዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎዬ በሊዮን ከተማ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ወድቆ ሞተ፤ 28 ዓመቱ ነበር። ጁን 12 ቀን 2021 ዴንማርካዊው ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ላይ በዚያው ዓይነት ወደቀ፤ ወዲያው ደረቱ ተጫነ፣ ልቡን የሚያስነሳው ማሽን መጣ፣ ተረፈ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሜዳ ተመለሰ። ያለ እርዳታ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ማንም ሳይነካው የወደቀና የማይመልስ ስፖርተኛ ልቡ እንደቆመ ይቆጠር። የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ወይም የማንኮራፋት ዓይነት ትንፋሽ ቢኖርም እንኳ አይታለሉ። አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፣ አንዱ ማሽኑን ያምጣ፣ አንዱ ደረቱ መሃል ላይ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እያስገባ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። ማሽኑ ሲከፈት በድምፅ ራሱ ይመራል። ቡድን ካላችሁ ማሽኑ የት እንዳለ ዛሬ ጠይቁ። ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ ዘበኛው ዘንድ ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት።

ሙቀት። በሙቀት የሚሮጥ ሰው ከተደናበረ፣ ቃሉ ከተዘበራረቀ፣ ሰውነቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ከጋለ፣ መጀመሪያ ያቀዝቅዙ፣ ከዚያ ያጓጉዙ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ምርጡ ነው። ገንዳ ከሌለ እየደጋገሙ ውኃ ማፍሰስና ማራገብ።

ውኃም ይበዛል። በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረው ሯጮች 13 በመቶው ሶዲየማቸው (በደም ውስጥ ያለው ጨው) ወርዶ ተገኘ፤ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። ሲጠማዎት ይጠጡ። ሩጫ ጨርሰው ክብደትዎ ከጅምሩ ከበለጠ ብዙ ጠጥተዋል ማለት ነው።

ጭንቅላት የተመታና ግራ የተጋባ ተጫዋች በዚያ ቀን አይመለስም። «ደህና ነኝ» ቢልም አይመለስም። ከአንድ ወይም ሁለት ቀን ቀለል ያለ ዕረፍት በኋላ ደረጃ በደረጃ ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት። ወደ ፍልሚያው የሚመለሰው ሐኪም ሲፈቅድ ነው።

10. ክኒንና ማሟያ

ከውድድር በፊት አይቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ መዋጥ የተለመደ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው። ላብ የሰውነትን ፈሳሽ ሲያሳጣና ክኒኑ ሲጨመር ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ለአበረታች መድኃኒት የሚመረመሩ ስፖርተኛ ከሆኑ ደግሞ ለጉንፋን የሚሰጥ ክኒን እንኳ ችግር ያመጣል፤ በውድድር ወቅት ገደብ የተጣለበት ፕሱዶኤፌድሪን በአንዳንዶቹ ውስጥ አለ። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ ዝርዝር በየዓመቱ በጃንዋሪ 1 ይታደሳል። ሰውነትዎ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ «ፋርማሲስቱ ሰጠኝ» አያድንም። የግድ የሚያስፈልግ መድኃኒት ካለ አስቀድሞ የሕክምና ፈቃድ ይጠየቃል። የምግብ ማሟያ ዱቄት ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ንጥረ ነገር ሊገኝ ስለሚችል እኔ ብሆን ሦስት ጊዜ አስብበታለሁ።

11. ካቋረጡ በኋላ

ትኩሳት ካለ አይሠራም፤ ነጥብ። ቫይረስ የልብን ጡንቻ ሊያቆስል ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚደረግ ጠንካራ ልምምድ አደጋ አለው። አፍንጫ ብቻ ከፈሰሰና ሌላ ምልክት ከሌለ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይቻላል። ከበሽታው በኋላ የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ከታየ ሐኪም ልብዎን ሳያይ አይመለሱ።

በሌላ ምክንያት አንድ ሳምንት ካቋረጡ ካቆሙበት ትንሽ ዝቅ ብለው ይቀጥሉ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከሆነ ትንፋሽዎ ይወርዳል፤ የጡንቻ ጉልበት ግን ረዘም ይቆያል። በግማሹ ይጀምሩና በሁለት በሦስት ሳምንት ወደ ነበሩበት ይመለሱ። ከዚያ በላይ ከሆነ አዲስ ወረቀት ይያዙ፣ ከወንበሩ ፈተና ይጀምሩና አራቷን መስመር እንደገና ይጻፉ።